አየሩን ሳንለካ ዕቃ አንቀይር፦ በከፍታ ላይ የሞተርን የአየር መስመር ስለ መመርመር

(በሱሉልታ ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለአሽከርካሪዎችና ለቴክኒክ ሰልጣኞች የቀረበ ንግግር በጽሑፍ)

የተከበራችሁ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ አሽከርካሪዎችና ሰልጣኞች፤

ከአዲሱ ገበያ ተነስታ የእንጦጦን ዳገት በመውጣት ወደ ሱሉልታ የምትገባ መኪና ሞተሯ ምን ያህል እንደሚፈተን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ታች ሜዳው ላይ ደህና ትሄድ የነበረችው መኪና ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጉልበት ያንሳታል፤ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦም አትነቃቃም፤ ስትቆም ደግሞ ሚኒሞዋ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይወዛወዛል፣ አለዚያም ጭራሹን ትጠፋለች። ባለቤቷ ይህን ይዞ ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የዕቃ ስም ነው፦ ካንዴላ፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ ኢንጀክተር፣ ሴንሰር። ዕቃው ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ገንዘቡ ይወጣል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አየርን በራሳችን ከፍታ ልክ ሳንለካ ዕቃ መቀየር እንደማይገባን ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ድብልቅ ውስጥ አብዛኛው አየር ነው፤ አንድ ግራም ቤንዚን በአግባቡ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። የዚህን ያህል ድርሻ ያለው ነገር የሚገባበት መስመር ሳይመረመር በነዳጁና በእሳቱ ላይ መፍረድ ትክክል አይደለም። ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለባቸው። ያለ ምርመራ የተቀየረ ዕቃ የባለቤቱን ኪስ ከመጉዳቱም በላይ፣ ያልተገኘው ብልሽት ሞተሩን እስከ መጨረሻው እንዲያስረጀው ጊዜ ይሰጠዋል።

በመጀመሪያ የከፍታውን ነገር እናጥራ። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ መኪና የሚያገኘው ይህንን ነው። አዳማ ላይ ወደ 83 ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 እና 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች 77 ገደማ ታገኛለች፤ እኛ ያለንበት ሱሉልታ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ 74 ወይም 75 አካባቢ ነው። በአጭሩ፣ አምራቹ የጥገና መጽሐፉን ሲያዘጋጅ ካሰበው አየር አንድ አራተኛ ያህሉ እዚህ የለም። ይህ የመኪናዋ በሽታ አይደለም፤ ምንም ዕቃ ብንቀይር የማይመለስ የቦታው ጠባይ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ጉልበት ያነሰው ሁሉ ተበላሽቷል አይባልም፤ መርማሪው የከፍታውን ድርሻ ከብልሽቱ ድርሻ መለየት አለበት። መለያው ደግሞ ቁጥር ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ምርመራ ሞተሩ ሳይነሳ የሚደረግ ነው። ቁልፉን ብቻ ከፍተን፣ ስካነሩን (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ) ሰክተን፣ የማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ግፊት የሚለውን መስመር፣ መኪናዋ ካሳየችው፣ እናነባለን። ሞተሩ ስላልተነሳ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ እዚህ ሱሉልታ ላይ ከ73 እስከ 76 ኪሎ ፓስካል ማንበብ አለብን። ሴንሰሩ 100 ካለ ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም ያንን አምኖ ያለ አግባብ ነዳጅ ይሰጣል። 60 ካለም እንዲሁ ይዋሻል። ማመሳከሪያ የሚፈልግ ሰው ስልኩን ማየት ይችላል፤ በርካታ ስልኮች የአየር ግፊት መለኪያ በውስጣቸው አላቸው፣ 750 ሄክቶ ፓስካል ማለት 75 ኪሎ ፓስካል ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የአየር ሁኔታ ትንበያ የሚሰጡ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት ግፊት ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተሰላ ስለሆነ ከ1000 በላይ ሆኖ ይታያል፤ እሱን ይዞ ሴንሰርን መኮነን አይገባም። የሚያስፈልገን ስልኩ ራሱ የለካው ቁጥር ነው።

የቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ያላችሁ ደግሞ ከዚህ በላይ መጠንቀቅ አለባችሁ። መጽሐፉም ሆነ የጌጁ ፊት ላይ የተቀባው አረንጓዴ ቀለም፣ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያህል መሳብ አለበት ይላል። ይህ ለባሕር ጠረፍ እውነት ነው። እዚህ ግን የውጭው አየር ራሱ ወደ 22 ኢንች ብቻ ስለሆነ፣ ፍጹም ጤነኛ ሞተር ከ11 እስከ 14 ቢያሳይ ትክክል ነው። መርፌው ከአረንጓዴው በታች ስለዋለ ብቻ ቫልቩ ያፈሳል፣ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ተብሎ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ይህ በጣም የሚያሳዝን ብክነት ነው። በዚህ አካባቢ የምትሠሩ ሁሉ ጤነኛ መሆኗን በምታውቋት መኪና ላይ ጌጁን ሞክራችሁ የራሳችሁን ቦታ ምልክት መስታወቱ ላይ እንድታደርጉ እለምናለሁ። መርፌው ቀስ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ወይም በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ደንገጥ የሚል ከሆነ ግን የትም ከፍታ ላይ ትርጉም ስላለው ችላ አይባልም።

አሁን ወደ መስመሩ እንግባ። አየር በፊልትሮው ቤት ገብቶ፣ በላስቲክ ቱቦው አልፎ፣ የአየሩን መጠን የሚቆጣጠረውን በር፣ ትሮትሉን፣ ተሻግሮ ማኒፎልዱ ውስጥ ይገባል። ፊልትሮው በከተማ ዳር ሥራው የከበደ ነው፤ ኮረኮንችና ጥርጊያ መንገድ ላይ የምትውል መኪና አስፋልት ላይ ከምትውለው እጅግ ቶሎ ፊልትሮዋ ይሞላል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ አመለካከት መታረም አለበት። በካርቡራተር ዘመን ፊልትሮ ሲታፈን ነዳጁ በዝቶ ጥቁር ጭስ ይወጣ ነበር፤ ነዳጅ የምትበላ መኪናም መጀመሪያ ፊልትሮዋ ይታይ የነበረው ለዚህ ነው። ኢንጀክሽን ባላት መኪና ግን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን በልኩ ስለሚቀንስ፣ የታፈነ ፊልትሮ የሚያመጣው ነዳጅ መብዛትን ሳይሆን ጉልበት ማነስን ነው።

ከታፈነ ፊልትሮ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የተቀደደ ፊልትሮ ነው። የወረቀት ፊልትሮ በቤንዚን ሲታጠብ ወይም ጎማ በሚነፋበት ግፊት ከቅርብ ሲነፋ ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው አቧራ ከዘይት ጋር ሆኖ ሲሊንደሩንና ፋሻውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቱቦውን ከፊልትሮው ቤት ፈታችሁ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ፣ የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ፊልትሮው ሥራውን እየሠራ ነው። ቀይ ወይም ቡናማ ደቃቅ አቧራ ከያዘ ግን ፊልትሮው ተበስቷል፣ ወይም ጠርዙ በቤቱ ላይ አልገጠመም፣ ወይም የቤቱ ክዳን መቆለፊያ ተሰብሯል ማለት ነው። የተበሳውን ፊልትሮ ነፍቶ መመለስ በሞተሩ ላይ መፍረድ ነው፤ መጣል አለበት።

ከፊልትሮው በኋላ ያለው ትልቁ ችግር ሳይለካ የሚገባ አየር ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ቆዳው ከተቀደደ ሠራተኛው ምንም ቢደክም ነፋሱ ወደ ፍሙ በልኩ እንደማይደርስ ሁሉ፣ የአየር መስመሩ ከተሰነጠቀም ኮምፒውተሩ የለካው አየርና ሲሊንደሩ ውስጥ የደረሰው አየር አይገጥሙም። ይህንን የሚነግረን ስካነሩ ላይ ፊውል ትሪም የሚባለው ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ በጭስ መውጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር እያየ፣ ካሰበው ነዳጅ ላይ ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚመዘግብበት ነው። የአጭር ጊዜውንና የረጅም ጊዜውን እንደምራለን፤ ድምሩ ከዜሮ ወዲያና ወዲህ 5 በመቶ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ ከ10 ካለፈ ምክንያት መፈለግ አለብን። ፒ 0171 የሚለው ኮድ፣ ድብልቁ ነዳጅ አነሰው የሚለው፣ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር ወደ 25 ከተጠጋ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የቼክ ኢንጂን መብራት እስኪበራ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቁጥሩን አንድ ጊዜ ብቻ ማንበብ ግን ምንም አይነግረንም። በሚኒሞ እናነባለን፣ ከዚያም ሞተሩን በደቂቃ 2500 ዙር ላይ አስረግጠን እናነባለን። በሚኒሞ ሲደመር 22 የነበረው በ2500 ወደ 5 ከወረደ፣ ከአየር መለኪያው (የሚገባውን አየር ክብደት ከሚለካው ሴንሰር) ኋላ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ምክንያቱም ሞተሩ በሚኒሞ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳዋ ድርሻዋ ትልቅ ነው፣ ዙሩ ሲጨምርና ትሮትሉ ሲከፈት ያው ቀዳዳ ከብዙው አየር ውስጥ ኢምንት ትሆናለች። በሚኒሞ 3 የነበረው ዳገት ላይ 20 ከደረሰ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወይ አየር መለኪያው አሳንሶ ይለካል፣ ወይ ነዳጁ በቂ ግፊት የለውም። የነዳጅ ፓምፕ ላይ ለመፍረድ መብት የሚሰጠን ይህ ሁለተኛው መልክ ነው፤ የመጀመሪያውን አይቶ ፓምፕ የሚቀይር ሰው የባለቤቱን ገንዘብ በከንቱ አውጥቷል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ከላይ የተናገርኩት የአየሩን ክብደት በሽቦ የሚለካ ሴንሰር ላላቸው መኪናዎች ነው። ይህ ሴንሰር የሌላቸውና በማኒፎልድ ግፊት ብቻ የሚሠሩ መኪናዎች ከትሮትሉ ኋላ ቢያፈሱ፣ የሚገባው አየር የማኒፎልዱን ግፊት ከፍ ያደርገዋል፤ ኮምፒውተሩም ግፊቱን አይቶ ነዳጅ ይጨምርለታል፤ ድብልቁ ልክ ይሆንና ፊውል ትሪሙ ዜሮ አካባቢ ይቀመጣል። ችግሩ የሚታየው በሚኒሞው ላይ ነው፦ 750 መሆን የነበረበት 1200 ይሆናል፣ ትሮትሉ ወይም የሚኒሞ ቫልቩም ዙሩን ለማውረድ ሲል እስከ ጥጉ ይዘጋል። ፒ 0507 የሚለው ኮድ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ስካነር ከመሰካታችን በፊት መኪናዋ የትኛው ዓይነት ሴንሰር እንዳላት ኮፈን ከፍተን በዓይናችን ማረጋገጥ አለብን።

የሚያፈሰውን ቦታ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። በፊልትሮውና በትሮትሉ መካከል ያለው የታጠፈው ላስቲክ ቱቦ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ስንጥቁ ያለው በእጥፋቶቹ ጎድጓዳ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሥር በኩል ነው። በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደ አኮርዲዮን ስትዘረጉትና ወደ ጎን ስታጥፉት፣ ጥቁሩ ላስቲክ መካከል ቀጭን ግራጫ መስመር ብቅ ይላል፤ ስትለቁት ተመልሶ ይከደናል። ሞተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው በእግሮቹ ላይ ዘንበል ስለሚል ቱቦውን ይዘረጋዋል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ መኪናዋ ትንገጫገጫለች፤ ጋራዥ ቆማ ስትታይ ግን ምንም የለባትም። የሞተሩ ጎማ እግር ያለቀ እንደሆነ ደግሞ አዲስ ቱቦ ቢገባም ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ አብረው መታየት አለባቸው።

ቱቦው ደህና ከሆነ ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን)፣ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው ያለውን መድፈኛ)፣ የኢንጀክተሮቹን ቀለበት ጎማዎች፣ የካርተር ትንፋሽ ቫልቩንና ቱቦውን፣ ከነዳጅ ታንኩ የሚመጣውን የትነት ቫልቭ እናያለን። የፍሬን ሰርቮውን (የፍሬን ጉልበት ማገዣውን) አትርሱ፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፍሬን ሲረገጥ ዙሩ በግልጽ ከተለወጠ፣ ከውስጥም የፉጨት ድምፅ ከተሰማ፣ የሰርቮው ጎማ ተቀዷል፤ ይህ የሚኒሞ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ መኪናዋ ሳትሠራ መውጣት የለባትም። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ መስመሩን ከ0.1 ባር ባነሰ ግፊት በጭስ ሞልቶ የሚያፈስበትን በዓይኑ ያያል። ማሽኑ የሌለው ግን የካርቡራተር ማጽጃ በጋለ ሞተር ላይ ሲረጭ ይታያል፤ ይህንን አጥብቄ እቃወማለሁ፣ የጋለው የጭስ መውጫ ላይ ሲያርፍ እሳት ይነሳል። ንጹሕ ውኃ በመርጫ ጠርሙስ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶችን እየሸሹ፣ ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ መርጨት ይበቃል፤ ውኃው ስንጥቁን ለቅጽበት ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል።

አሁን ወደ አየር መለኪያው ሽቦ እንምጣ፤ ምክንያቱም በከፍታችን የተነሳ ያለ ጥፋቱ በጣም የሚቀየር ዕቃ እሱ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1.5 ሊትር ሞተር በደቂቃ 4000 ዙር ሲዞር፣ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚስብ፣ በደቂቃ 3000 ሊትር፣ በሰከንድ 50 ሊትር አየር የሚይዝ ቦታ አለው። የዚህ ዓይነት ሞተር ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ከቦታው 85 በመቶ ያህሉን ይሞላል ብንል 42.5 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር አየር በባሕር ጠረፍ 1.2 ግራም ያህል ስለሚመዝን እዚያ ወደ 51 ግራም በሰከንድ እናገኛለን፤ ሱሉልታ ላይ ግን አንድ ሊትር አየር 0.9 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚመዝን ውጤቱ ወደ 38 ነው። መጽሐፉ 50 ይላል፣ ስካነሩ 38 ይላል፣ መካኒኩ ሴንሰሩ አልቋል ይላል፤ ሴንሰሩ ግን እውነቱን ነው የተናገረው።

ቁጥሩ 25 ቢሆንስ? ያን ጊዜም ሁለት መንገድ አለ፤ የሚለያቸው ደግሞ ፊውል ትሪሙ ነው። ሴንሰሩ ቆሽሾ አሳንሶ ለክቶ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሰጠው ነዳጅ ስለማይበቃ፣ ጭነት ላይ ትሪሙ ወደ ላይ ይሄዳል። ፊልትሮው ወይም ማርሚታው (በጭስ መውጫው ላይ ያለው ድምፅ ማፈኛ) ታፍኖ ከሆነ ግን የገባው አየር በእውነትም 25 ስለሆነ ነዳጁ ከአየሩ ጋር ይገጥማል፣ ትሪሙም ከቦታው አይነቃነቅም። ሴንሰሩን የምናጸዳው ለራሱ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ነው፤ በጥጥ፣ በጣት ወይም በካርቡራተር ማጽጃ የተነካ ሽቦ ዳግመኛ በትክክል ላይለካ ይችላል።

ትሮትሉን በተመለከተ፣ በቢራቢሮው ጠርዝ ዙሪያ ከካርተር ትንፋሽ የሚመጣው ዘይትና የአካባቢያችን ደቃቅ አቧራ ተቀላቅለው ጥቁር ቅርፊት ይሠራሉ። ሞተሩ በሚኒሞ የሚተነፍሰው በዚያች ጠባብ ክፍተት ስለሆነ፣ ክፍተቷ ስትጠብ መኪናዋ ስትቆም ወይም ኤሲ ሲከፈት ትጠፋለች። ብዙ ጊዜ የሚደረገው የትሮትሉን ማቆሚያ ቡሎን ማጥበቅ ነው። ይህ ቡሎን ግን በፋብሪካ የተለካ ነው፤ ከተነካ የትሮትል ሴንሰሩ መነሻ ቮልቴጅ ይለወጣል፣ ኮምፒውተሩም እግር ከነዳጅ መስጫ መነሳቱን ማወቅ ያቅተዋል። ትክክለኛው ማጽዳት ነው፦ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ማጽጃው በጨርቅ ላይ እንጂ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሳይረጭ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትሮትልን ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ በጣት መግፋት ጣትንም የትሮትሉን የማርሽ ጥርስም ሊሰብር ይችላል። የአንዳንድ አምራቾች ትሮትል ከጠርዙ ላይ መዝጊያ ቅብ ስላለው ፈትጎ ማንሳት ጉዳት ነው፤ በልስላሴ መጥረግ ይበቃል። ከጸዳ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ቢል መደናገጥ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተሩ በቆሸሸው ጊዜ የተማረውን ክፍተት ስለያዘ ነው፣ በስካነሩ እንደገና እንዲማር ማድረግ ነው።

የትሮትል ሴንሰሩን ራሱን ለመፈተሽ ፔዳሉን እጅግ በዝግታ እስከ መጨረሻው እየረገጡ ቮልቴጁን ማየት ነው። በካቦ በሚሠሩት ላይ ከ0.5 አካባቢ ተነስቶ ወደ 4.5 ያለ መቆራረጥ መውጣት አለበት፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ዜሮ ከነካ፣ አሽከርካሪው ትነጥቃለች ያለው ያ ነው። በኤሌክትሪክ በሚሠሩት ላይ ሁለት ሴንሰሮች አብረው ይለካሉ፤ ሲጣሉ ፒ 2135 ይመጣል፣ መኪናዋም ለደኅንነት ስትል በዝቅተኛ ጉልበት ብቻ ትሄዳለች። አዲስ ትሮትል ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን ፈታችሁ የዛገ እግርና የላላ ሽቦ ፈልጉ። የድሮ ናፍጣ ሞተሮች፣ ዶልፊኖቹን ጨምሮ፣ ጉልበታቸውን የሚቆጣጠሩት በነዳጅ መጠን እንጂ በትሮትል ስላልሆነ ዛሬ ከተናገርኩት የሚመለከታቸው የፊልትሮውና የአቧራው ነገር ብቻ ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናዋን ወደ እንጦጦ ዳገት አውጧት፤ አንድ ሰው ሲነዳ ሌላው ስካነሩን ይያዝ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የተጻፈው የማኒፎልድ ግፊት ሱሉልታ ላይ 75 ከነበረ፣ ዳገቱ መነሻ ላይ ቆማችሁ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ እንደገና ጻፉት፤ ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር እያነሰ ስለሚሄድ የጠዋቱ ቁጥር አይበቃም። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ግፊቱን አንብቡ። ከአሁኑ ቁጥር በ2 ወይም በ3 ብቻ ካነሰ ከትሮትሉ በፊት ያለው መንገድ ክፍት ነው። በ8 ወይም በ10 ካነሰ ፊልትሮው፣ ወደ ውስጥ የተሸበሸበ ቱቦ ወይም እስከ መጨረሻው የማይከፈት ትሮትል አለ። ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ በሰከንድ የሚገባው ግራም ካሰላነው እጅግ ካነሰ፣ ትሪሙም ዜሮ አካባቢ ከቆመ፣ አየሩ መግቢያ ሳይሆን መውጫ አጥቷል፤ ያን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር እንውጣና ወደ ካታሊቲኩ (ጭሱን ወደሚያጣራው ክፍል) ና ወደ ማርሚታው እንሂድ።